ምርቃት የደረሳቸው ብልቃጦች

ዓረብ አገር፣ ራካ በሚባል ሰፈር፣ በሠራተኝነት የተቀጠርኩበት ቤት ማዳም የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ዝንብ የምትበላ አንዲት ተክል ነበረቻት፤ ቅጠሏ አፉን ከፍቶ ይጠብቅና ዝንብ ሲያርፍበት ጥርቅም ይላል። ማዳም ከዚህች አንዲት ተክል ብዙ ለማውጣት ቆርጣ ተነሳች። በዘር አይደለም፣ በብልቃጥ ነው። ከቅጠሏ ቁራጭ ይወሰድና በበረኪና ታጥቦ፣ ስኳር ባለበት፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው አዲስ ቡቃያ ያወጣል። መጀመሪያ ስሰማ ሴትዮዋን ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጣባት ብዬ ነበር።

የሷ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መቁረጡ ለኔ ተሰጠኝ። ከካውያ ጋር ስታገል ለኖርኩት ጓንት አጥልቆ ቁጭ ማለት ሹመት ነው። ችግሩ፣ ስኳሩን ሻጋታም ይወደዋል፤ በአየርና በትንፋሽ ይገባል። ስለዚህ በጎኑ በተጋደመ ባዶ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ እጃችንን ከተን፣ ኤሲውን አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንሠራው። ሁለት ጊዜ ሻገተብን። ባሏ፣ ካፊሌ ማለትም ቀጣሪዬና ዋሴ፣ ሦስተኛው ካልያዘ ኸላስ፣ በቃ፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ ሠራተኛዋም ወደ ካውያዋ ትመለሳለች አለ።

ሦስተኛውን ስንሠራ ማዳም ለከሰዓት በኋላው የአሱር ሰላት ተነሳች። አንዱን ብልቃጥ ከድኛለሁ፤ የቀሩት አፋቸው ክፍት ነው። ያኔ አል ባዲያ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ትልቅ የአገሬ ሴት ሊሰናበቱኝ ገቡ። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ወጥቶላቸው ጠቅልለው አገር ሊገቡ ነው። ገና እንደመጣሁ ቋንቋውንም ኑሮውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ተክሏ ዝንብ ትበላለች ስላቸው አማተቡ። ሹመቴ በነዚህ ብልቃጦች ላይ እንደቆመ ሲሰሙ ግን ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው መረቁልኝ።

«ይብቀሉልሽ፣ ይብዙልሽ፣ ሰው ፊት አያሳፍሩሽ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።»

ምን ላድርግ? የትልቅ ሰው ምርቃት መሃል ላይ አይቋረጥም። ጓንቴን እንዳጠለቅኩ እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

በሳምንቱ ከተከደነው ብልቃጥ በስተቀር ሁሉም ነጭ ጸጉር አበቀሉ። ማዳም ማን ገብቶ ነበር ስትለኝ አልዋሸሁም፤ እንዴት እንደተመረቅን በእጄም በአፌም አሳየኋት። ሳቀች። ልጅ ሆና ሲያማት እናቷም ቁርአን አንብባ እንዲሁ እፍ፣ እንትፍ ትልባት እንደነበር ነገረችኝ።

ካፊሉ ከሥራ ሲገባ ሻጋታውን አየና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ማዳም ቀደመችው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሳልከድን ተነስቼ ሄድኩ። እሷ ምንም አላጠፋችም። አንዱ ይዟል፣ ከሱ እንቀጥላለን።»

እሱም እንደፈለግሽ ብሎ ወጣ። እኔ ብልቃጥ የማጥብ መስዬ አለቀስኩ። በሰው ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የተሰበረው ዕቃ የኔ ጥፋት ነበር፤ ጥፋቱን ከላዬ አንስቶ በራሱ ላይ ያደረገ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።