ለአዛውንቱ ረዳት ስንመርጥ

ሥራዬ በአንድ ሆም ኬር ኤጀንሲ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ረዳቶችን መቅጠር ነው። ሜፕልዉድ የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ዓይናቸው ደክሞ ረዳት ሲያስፈልጋቸው፣ «ቤቴ የሚገባውን ሰው እኔም ልጠይቀው» አሉኝ። ተስማማሁና ኢንተርቪውን እሳቸው ሳሎን አደረግነው።

መጀመሪያ የመጣው ወጣት ሸሚዙም መልሱም የተተኮሰ ነበር።

«ትልልቅ ሰዎች እወዳለሁ፤ አያቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለ።

ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ላልፍ ስል አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። አያትህ በምን ያስቸግሩህ ነበር?»

«ኧረ በምንም! በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«መድኃኒት አልውጥም ብለው አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«ታድለሃል» አሉት።

ቀጥላ የመጣችው ሴት ፍሪድሊ ካለ ፋብሪካ ከሺፍት ወጥታ በቀጥታ ድራይቭ አድርጋ ስለመጣች ድካሟ ያስታውቃል። «ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ነው የምውለው፤ ከሰው ጋር ይሻለኛል ብዬ ነው» አለች።

«ሰውም እኮ ያናድዳል» አሉ አዛውንቱ።

«ያናድዳል አባባ። እናቴን ሳስታምም አንድ ቀን ሾርባውን ደፋችብኝ፤ ጮህኩባት።»

ደንግጬ ወሬ ልቀይር ስል ቀደሙኝ።

«ከዚያስ?»

«ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ጨው የለውም ብዬሽ ነበር እኮ› አለችኝ። ስቀምሰው እውነትም የለውም።»

አዛውንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሴትየዋ ስትሄድ፣ መጮኋ እንዳሳሰበኝ ነገርኳቸው።

«እሷ መጮኋንም፣ ከጮኸች በኋላ ያደረገችውንም ነገረችን። ልጁ ግን ሲቸግረው ምን እንደሚያደርግ አላወቅንም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ያማረ መልስ ስሰማ ጠይቄ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ለወጣቱ ደወልኩለት።

«ከአያትህ ጋር የከበደህን አንድ ቀን ንገረኝ።»

እስኪመልስ ጠበቅኩት።

«አንዳንዴ ማን እንደሆንኩ ይጠፋቸው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ሽማግሌው ፊት ይህን ማውራት ነውር መስሎኝ ነው።»

«ሲጠፋቸው ምን ታደርግ ነበር?»

«እንግዳ ነኝ እላቸዋለሁ። ‹ግባ› ይሉኛል፤ ገብቼ አብረን እንበላለን።»

ሴትየዋ ሜፕልዉድ አዛውንቱ ጋ ተመደበች። ወጣቱን ደግሞ ፊሊፕስ ሰፈር ለሚኖሩ፣ መርሳት ለጀመሩ አንዲት እናት ሰጠሁት። ልጃቸው ደውላ፣ ሲመጣ በየጠዋቱ እንደ አዲስ እጅ እየነሱ እንደሚቀበሉት ነገረችኝ።