አግዳሚው ላይ የምትቀመጠው ሴት

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚላቸው። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ሜትር አንገታቸው ላይ ቢያንጠለጥሉም ብዙም አይነኩትም፤ ደንበኛው ከበሩ ሲገባ በዓይናቸው ለክተው ጨርሰዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ መምህርት የሆነችው አንድ ልጃቸው ከሥራ መልስ ሱቁ ጎራ ትልና ወደ ቤት ይዛቸው ትሄዳለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኮት እጅጌ ሲቆርጡ መቀሱ ሁለት ሆነባቸው። ቀጥሎ ጨርቁ፣ ቀጥሎ የገዛ እጃቸው። ግራ ጉንጫቸው ደነዘዘ፤ ወለሉ ዘመመና እዚያው ዘጭ አሉ።

ሆስፒታል ጭንቅላታቸው በማሽን ፎቶ ከተነሣ በኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ምስሉን እያሳየች አስረዳቻቸው። አንጎል ወደ አከርካሪ በሚወርድበት ግንድ ውስጥ፣ ሲፈጠሩ ጀምሮ የተወሳሰቡ ስስ የደም ሥሮች አሉ፤ ትንሽ ደምተዋል።

«ቦታው መጥፎ ነው» አለች። «መተንፈሱም መዋጡም ዓይን ማንቀሳቀሱም በዚያች ጠባብ ቦታ ነው የሚያልፈው። አሁን ብነካው ከማድነው የማበላሸው ይበዛል። እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ዓይናቸው ተሻላቸው፤ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሴትየዋ መምጣት የጀመረችው ያኔ ነው።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ መብራት ሳይበራ፣ ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ያገኟታል። ጠርዙ ያልተዘመዘመ ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች። ሚስታቸው አይደለችም፤ በሕይወታቸው አይተዋት አያውቁም። በሩ ሲከፈት አልሰሙም። አትናገርም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታያቸዋለች። የመጀመሪያ ቀን «ምን ልታዘዝ?» አሏት፤ መብራቱን ሲያበሩ ግን አግዳሚው ባዶ ነበር። በማግስቱ አልጠየቁም። በሳምንቱ ግን ሳያስቡት በዓይናቸው ለኳት፦ ትከሻ ሠላሳ ስምንት፣ ወገብ ሰባ። የሌለን ሰው ልክ ማወቃቸው ከመምጣቷ በላይ አስፈራቸው። ለልጃቸው ትንፍሽ አላሉም።

በአራተኛው ወር እንደገና ደማ። ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ሐኪሟ አዲሱን ምስል አይታ «ደሙ ወደ ዳር ገፍቶታል፤ አሁን መግቢያ አገኘሁ» አለች። «ሌላ ያልነገሩኝ ነገር አለ?»

ጋሽ ሜትር ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩና አንገታቸውን ደፍተው፣ ቃላቱ እየተንተባተቡባቸው፣ ስለ ሴትየዋ ተናገሩ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «እዚያ ቦታ ሲደማ እንዲህ የሚያዩ ሰዎች አሉ። አላበዱም።»

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለች ልጃቸው።

«‹ጋሽ ሜትርን ነካ አድርጓቸዋል› ከተባለ ማን ጨርቁን ያምነኛል?»

ቀዶ ሕክምናው ስምንት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሞቹ ከጆሯቸው ጀርባ ገብተው፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ አተር የምታህል እንጆሪ የመሰለች ነገር በቁርጥራጭ አወጡ። ሲነቁ ግራ ፊታቸው ወድቆ ነበር፤ ሦስት ሳምንት በቱቦ ተመገቡ። ክፍሉ በደበዘዘ ቁጥር ግን ዓይናቸው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር አልነቀል ይላል።

«ጠያቂ ይጠብቃሉ እንዴ?» አለቻቸው ነርሷ።

«አዎ» አሉ። አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ስሟን እንኳ ስላላወቁ፣ ማን ቀረችብኝ ብለው ለማን ይናገሩ?

ዛሬ ሁለት ሆኖ እንዳይታያቸው ግራ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይቆርጣሉ፤ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላቸው ልጃቸው ናት። አፋቸው በአንድ በኩል ብቻ ይስቃል። ከቀዶ ሕክምናው አመት ሲሞላቸው ለመጨረሻው ምርመራ አብረው ሄዱ።

«ንጹሕ ነው» አለች ሐኪሟ። «የተረፈ ነገር የለም።»

«ምንም?»

«ምንም። አይዞዎት፣ አይመለስም።»

ልጃቸው እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጋሽ ሜትር ግን ምስሉን ደግማ እንድታሳያቸው ለመኗት። ግራጫው መሃል፣ እንጆሪዋ በወጣችበት፣ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ ነበረች። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ «አባዬ፣ ውጭ ሌላ ታካሚ እየጠበቀ ነው» እስክትላቸው ድረስ ዓይናቸውን ከቀዳዳዋ ላይ አላነሡም።