የእትዬ ዘነበች እንባ

የልጅ ልጄ እርሳስ በቀረጸ ቁጥር ሽታው ልደታ ይመልሰኛል። በጣሊያን ጊዜ የጋዜጣ ፎቶ በእርሳስ አስተካክል ነበር፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ በከተማው የሚወዳደረኝ አልነበረም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ልጃቸው ታስሮባቸው፣ "ሹማምንቱ አይተው ይፍቱልኝ" ብለው በልደታ ማርያም ደጅ የጋዜጣችን ፎቶ አንሺ ፊት አለቀሱ። ጣሊያኑ አለቃዬ ግን "የበዓል ፎቶ ነው፤ እንባዋን አጥፋ" አለኝ። እምቢ ብል ከልጃቸው ጋር እታሰራለሁ። አጠፋሁት።

ጋዜጣው ሲወጣ ይዘውት መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ያለቀስኩት የት ገባ?" አሉኝ፣ ፎቶው ላይ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ። "ፎቶ አንሺው አላየኝም እንዴ?"

"አይቶዎታል፣ እትዬ" አልኳቸው።

ጋዜጣው ዛሬም አለኝ። በአጉሊ መነጽር ብትፈልጉ እንባው የነበረበትን ቦታ አታገኙትም። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አሳያችኋለሁ።