ጀሪካንና ቴስታ

የራሰ ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር የጋምቤላ ክረምት ይመጣብኛል። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ሳይቆይ ነው፤ የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን አንዲት አሮጌ የቆዳ ኳስ ነበረችው፣ ዝናቡን ጠጥታ እንደ ድንጋይ ትከብድ ነበር። እኔ ተከላካይ ስለነበርኩ ከላይ የመጣውን ሁሉ በቴስታ እየገጨሁ እመልስ ነበር፣ እሱም ኩራቴ ነበር።

አባዬ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ ነበር፤ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። አንድ ቀን ጓደኛዬ አጁሉ ያቺን ኳስ በግንባሯ ገጭታ ወደቀች፣ ተነስታም ወደ ራሳችን ጎል መሮጥ ጀመረች። እኛ ሳቅን፣ አባዬ ግን ክሊኒክ ወስዶ ዓይኗን በባትሪ ሲያይ ቆይቶ ቤት እንደገባ «ከእንግዲህ ቴስታ የለም፤ የሴት ልጅ አንገት አይችለውም» አለኝ። ቴስታ የማትመታ ተከላካይ ማን ይፈልጋል? ክረምቱን ሙሉ መስመር ዳር ቆሜ፣ ወንዶቹ ያቺኑ ኳስ ሲገጩ እያየሁ ደሜ ይፈላ ነበር።

በጋ ሲገባ የባሮ ወንዝ ይጎድልና ውሃው ይርቅ ነበር፤ እኔና አጁሉ ሃያ ሊትር ጀሪካን በራሳችን ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን፣ ወንድ ልጅ ግን ውሃ አይሸከምም ነበር። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ሳላወርድ አባዬ ፊት ተገትሬ «ይሄንን የተሸከመው የማን አንገት ነው?» አልኩት። «መጀመሪያ አውርጂው» አለኝ። ውሃው ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ እኔም አላወርድም ብዬ ቆምኩ፣ በመጨረሻ ተነስቶ ራሱ አወረደልኝ።

በማግስቱ ባዶውን ጀሪካን ይዞ ባሮ ወረደ። የአጁሉ እናት እየሳቀች «ዶክተር፣ ዛሬ አንተ ሴት ሆንክ?» አለችው።

«አንገቴን ልሞክረው ብዬ ነው» አላት።

ሲመለስ ትከሻውን እያሸ «ስለ ኳሷ እውነቴን ነው፣ ስለ አንገትሽ ግን ተሳስቻለሁ» አለኝና ሜዳ ወርዶ፣ ኳሷ ከራሰች ወንድም ሴትም በጭንቅላቱ እንዳይነካት ተናገረ። ወንዶቹ አጉረመረሙ፣ እኔም ወደ ቡድኔ ተመለስኩ።

ዛሬ እዚያው ከተማ ሴቶች አሰለጥናለሁ። ኳሱ እንደ ድሮው ውሃ አይጠጣም፤ ትንንሾቹን ግን ቴስታ አላስመታም፣ ጭንቅላቷን የተመታችውንም ልጫወት ብላ ብታለቅስ እንኳ ከሜዳ አስወጣታለሁ። «ኳስ ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚል አባት ሲመጣ «መጀመሪያ ወንዱን ልጅህን ከልክለህ ና» እለዋለሁ። የማሰለጥናቸው ልጆች አሁንም ውሃ ሲቀዱ ቆይተው አርፍደው ይመጣሉ፣ ወንድሞቻቸው ግን በሰዓቱ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እኔም ጠቤን አልጨረስኩም።