ሳይታረድ የመጣው አውራ ዶሮ

ህንዳዊቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሐይቅ የገባችው በደርግ ጊዜ ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ ጥቂት ቀን አልፎት። ከደሴ ከመጣው አውቶቡስ ወርዳ፣ ሁለት ሻንጣዋን ግራና ቀኝ አቁማ መሐላቸው ስትቆም አየኋት። መንግሥት ከአገሯ አስቀጥሮ ያመጣት ናት። ወዴት እንደሚያመጣት ግን ደኅና አድርጎ የነገራት አይመስለኝም።

እኔ ያኔ የትምህርት ቤቱ ጽዳትና ደወል ደዋይ ነበርኩ። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ራሴ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ልጄ ግን ስምንተኛ ደርሳ ነበር፤ ሰኔ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና ትወስዳለች። ካለፈች ወደ ዘጠነኛ ትቀጥላለች። ከወደቀች የአባቷ ዘመዶች አምባሰል ውስጥ ባል አዘጋጅተውላታል። ሰውዬው ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። አይቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም።

ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ያ መንግሥት ኢምፔሪያሊዝምን በአማርኛ ሲያወግዝ ይውልና ልጆቻችንን በኢምፔሪያሊስቱ ቋንቋ ይፈትን ነበር። ባለፈው ዓመት አስተማሪ ጠፍቶ እንግሊዝኛ ያስተማራቸው የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ልጄ ከእሱ ይዛ የመጣችው «ዋን፣ ቱ፣ ዋን፣ ቱ» ብቻ ነው። ስለዚህ ይቺን ሴት እስከ ሰኔ ድረስ ማንም ከሐይቅ እንዳይነቅላት ቆርጬ ተነሣሁ። ጓሮ ያለችውን ክፍሌንም አከራየኋት።

የመጀመሪያ ቀን ስታስተምር መስኮት እየወለወልኩ ሰማኋት። ክፍሉ ውስጥ ዘጠና ልጅ አለ። ለሁለት በተሠራ ዴስክ አራት ተቀምጠው፣ የተረፉት መቀመጫ ድንጋይ ይዘው ገብተዋል። ረጅም ነገር ተናገረችና «ገባችሁ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

«የስ ቲቸር!» አሉ ዘጠናዎቹ ባንድ አፍ።

አንዱን አስነስታ ስሙን ጠየቀችው።

«የስ ቲቸር!»

ሌላዋን ስንት ዓመትሽ ነው አለቻት። «የስ ቲቸር!» ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ማታ ከክፍሏ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ በርበሬ ነው አለች። በርበሬ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ትበላ ስለነበር አመንኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ብልሃት አገኘች። ክፍሉን ለሁለት ትከፍልና ግማሹን ውጭ ዛፉ ሥር ታስቀምጣለች፤ የጠዋቱን ትምህርት እየደገሙ እንዲጮኹ። ጠባቂያቸው እኔ ነኝ። «አንተ ጠብቅ» ትለኛለች። አማርኛዋን ከወንዶች ስለለቀመችው ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትል። እኔም እየጠበቅሁ ለመድኩ፤ «ሲት ዳውን» ብዬ ስጮህ ልጆቹ ከእሷ ይልቅ እኔን ይፈሩ ነበር።

ክርስቲያን ናት። እሁድ እሁድ በዚያ ረጅም ጨርቋ ተጠቅልላ ከእኛ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ታስቀድሳለች። ቄሳችን አገሯንና እምነቷን ሲጠይቋት፣ አባቶቿን ያጠመቃቸው ሐዋርያው ቶማስ መሆኑን ነገረቻቸው። ሐዋርያው እኛን ዘሎ እስከዚያ መሄዱ ቄሱን ትንሽ ቅር አሰኛቸው፤ ቢሆንም ተቀበሏት።

ምግቧ ዓሣ ነበር። ከሐይቁ ዳር አንድ እስላም ዓሣ አጥማጅ ያመጣላታል፤ ሴት ልጁም ተማሪዋ ነች። ዓሣ ማንም አያርደውም፤ ከውኃ ወጥቶ ራሱ ይሞታል፣ ስለዚህ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። እንግዲህ የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሥጋ ስትበላ አይቼ ስለማላውቅ ስለ ሥጋ ምንም አልነገርኳትም።

የእኛ አገር ነገር እንዲህ ነው፦ እስላምና ክርስቲያን ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፣ ሠርግ አብረን እንጨፍራለን፣ ጎረቤትም አብረን እናማለን። ሥጋ ብቻ ነው የሚለየን። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ስለዚህ ጨዋ ሰው ከሌላው ወገን እንግዳ ሲጠራ፣ ያልታረደ ዶሮ ያዘጋጅና ከእንግዳው ወገን አራጅ ያስመጣል፤ በተለየ ድስትም ያሠራለታል።

ዓሣ አጥማጁ ጨዋ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ አረፋ ሲደርስ ቲቸርን ጠራት። እንደገባች አንድ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ አንሥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ አሳያትና ክርስቲያን አራጅ ሊጠራ ወጣ። ጎረቤቱ ያለው ክርስቲያን ቤቱ አልነበረም፤ ሌላ ፍለጋ ሩቅ ሄደ። እሷ ዶሮውን በስጦታ የተሰጣት መሰላት። አመስግና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ልጆቹ በግ ከቀረበበት ትሪ ሲቀመጡ እሷም ተቀመጠች። ቤተሰቡ ተያየ። በበዓል ቀን እንግዳን «እጅሽን መልሺ» የሚል ማን አለ? ባለቤቱ አራጁን ይዞ ሲመለስ ቲቸር አጥንት ላይ ደርሳለች፤ ዶሮው ደግሞ ብብቷ ሥር ሆኖ ያያታል።

በዚህም አላበቃም። ዶሮውን ታቅፋ በገበያው መሐል ወደ ቤት መጣች።

«ቲቸር፣ ከየት ነው?» ይሏታል ሴቶቹ።

«ከአረፋ!»

«ምን በላሽ?»

«በግ! በጣም ጥሩ በግ!»

«ዶሮውስ?»

«ስጦታ!»

እኔ ጋ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ምን እንዳደረገች ባማርኛ ነገርኳት፣ ልጄ ከእሷው በለቀመችው እንግሊዝኛ ደገመችላት። ቲቸር አዳመጠችና «ማነው ያረደው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ?» አለች።

«አዎ።»

«ሰው ቤት ተጠርቼ?»

ዶሮውን ከብብቷ ተቀብዬ ጓሮ ለቀቅሁት።

በማግስቱ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ አንዲት ከእኔ የባሰች ምላሰኛ አሮጊት፣ በራፌ ላይ ቆመች። «ስሚ፣ ያቺ ሴት የእስላም ሥጋ በልታለች። ቄደር ትረጭና ትመለስ። እምቢ ካለች ከቤትሽ ታስወጫታለሽ። አላስወጣም ካልሽ አንቺም ጽዋችንን እንዳትነኪ።» ቄደር እምነቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚረጭ ጠበል ነው።

ለቲቸር ነገርኳት። ተቆጣች። «እኔ ኢየሱስን አልካድኩም። በግ ነው የበላሁት። ከሃዲ ብለው ከሚረጩኝ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። ርእሰ መምህሩን ዝውውር እጠይቃለሁ።» ሻንጣዎቿን ከአልጋው ሥር ጎተተች። ልጄ ተርጉማልኝ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም የአምባሰሉን ሰውዬ አፍንጫ አሰብኩ።

ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ ያናደደኝ እሱ ነው። ማኅበሩ ሕግ አለው። እሷም ያልነገሯትን ሕግ አልጣሰችም። ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርኩና በሃያ አንድ፣ ማኅበሩ በተሰበሰበበት ቀን፣ ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ ተነሣሁ።

«ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ከቤትሽ ወጣች?»

«ስለ በሬው ነው።»

«የምን በሬ?»

«መስከረም ሁለት ቀን ቀበሌ ግቢ የበላነው በሬ።»

ዳቦ የሚቆርሰው እጅ ቆመ። ነገሩ ይህ ነው፦ ለአብዮት በዓል ካድሬው «ለእስላም ለየብቻ፣ ለክርስቲያን ለየብቻ ማረድ የፊውዳል ርዝራዥ ነው፤ ለሰፊው ሕዝብ አንድ በሬ ይበቃል» ብሎ ቢላውን ራሱ ያዘ። በስመ አብ አላለም፣ ቢስሚላህ አላለም። «አብዮቱ ይለምልም!» ብሎ ጉሮሮውን ቆረጠው። ከዚያ ማን እንደሚበላና ማን እንደማይበላ እየዞረ ያይ ነበር። ሁላችንም በላን።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች ሙሴ በሹክሹክታ። «ግድግዳ ጆሮ አለው።»

«ግድግዳውም በልቷል። ያ በሬ በማን ስም ታረደ? የእስላሙ በግ ቢያንስ እግዜር ተጠርቶበታል።»

«በፍርሃት ነው የበላነው!»

«እሷ በይሉኝታ ነው የበላችው። እኛ አውቀን፣ እሷ ሳታውቅ። ቄደር የሚያስፈልገው ማነው?»

ቄሳችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ እንኳ ያን ቀን ትንሽ ነው የቀመስኩት።»

«አባ፣ ሁለት ጊዜ ነው የቀመሱት። ሁለተኛውን የጨመርኩልዎ እኔ ነኝ። ጎድን ነበር።»

ከጥግ አንዷ መሳቅ ጀመረች። «ጠንካራ በሬ ነበር፣ ጥርሴን ነው የነቀለኝ» አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሙሴ ብቻ አልሳቀችም።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይ?»

«ወይ ማንም አይረጭ፣ ወይ ሁላችንም እንረጭ። ካህኑ ከፊት፣ አንቺ ቀጥለሽ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ከዚያ «ውኃ አምጡ» አሉ።

ቲቸርን ልጠራ ሮጥኩ። ሻንጣዋ ታስሯል። «አልረጭም» አለች። «ና እይ ብቻ» አልኳት፣ እኔም በእሷ አማርኛ። ግቢው ስንደርስ ሴቶቹ በተርታ ቆመዋል። ቄሱ ጸሎት ደግመው ባርከው መጀመሪያ በራሳቸው ላይ ደፉ፤ ጥምጥማቸው ረጠበ። ቀጥለው ሙሴን በሚገባ አራሷት፤ ጥቂት ቂም ያለበት መሰለኝ። ሰልፉን ከመንገድ ያየች አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ሮጣ ከኋላ ተሰለፈች።

«የቀበሌ ስኳር መጣ?»

«የለም፣ ጠበል ነው።»

«በነፍስ ወከፍ ስንት ነው?»

ቲቸር ይህን ስትሰማ ሳቀች። ያኔ ሳቅ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ጫማዋን አውልቃ ከባለዘንቢሏ ኋላ ቆመች። «ሁሉም ከሆነ ቅጣት አይደለም» አለችኝ፣ «ዝናብ ነው።»

ማታ ሻንጣው ተፈታ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እስከ ሰኔም ቆየች፣ ሌላ ዓመትም ጨመረች። ልጄ አለፈች፤ በጭንቅ ነው፣ ግን አለፈች።

ነገር ግን ለአንዱ ፍትሕ ሲሠሩ ሌላው ይረገጣል። ከተረጨን በኋላ ለሁለት ቀን ዓሣ አልመጣም። የዓሣ አጥማጁ ልጅም ከትምህርት ቤት ቀረች። ራሴ ልሄድ ነጠላዬን ስለብስ ሰውዬው በራፌ ላይ ቆሟል፤ ይግቡ ስለው አልገባም።

«እታለም» አለ፣ «ሃያ ዓመት ተዋውቀናል። በጌ ምን ነበረበት? ከተማው ሁሉ በእኔ ቤት ሥጋ ምክንያት ታጠበ እያሉ ያወሩብኛል። እንደ ርኩስ ነገር፣ እንደ ነጃሳ አደረጋችሁኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። ስለ ቲቸርና ስለ ልጄ ስሟገት እሱ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም ነበር። ቲቸር ድምፁን ሰምታ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አንቱ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩት። «በእርስዎ በግ አይደለም የተረጨነው። በመስከረሙ በሬ ነው።»

«የቱ በሬ?»

«የካድሬው። ‹ይለምልም› ብሎ ያረደው።»

ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ። ከንፈሩ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እሱንማ እኛም በልተናል፣ ወላሂ። ሼሁም ሳይቀሩ በልተዋል። ታዲያ ስትረጩ እኛን የማትጠሩን ምን አድርገናችሁ ነው?»

«ሰልፉ ረዝሞ ነበር» አልኩት።

ያኔ ሳቀ፤ ግድግዳውን ይዞ ነው የሳቀው። ቲቸር ቀረብ ብላ ልጁ ትምህርት እንዳታቋርጥ በዚያ አማርኛዋ ለመነችው። ነገ ትመጣለች አላት። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ለሚመጣው አረፋ ግን ክርስቲያኑን አራጅ ከዋዜማው ቤቴ አስሬ ነው የማሳድረው። አንቺም ትመጫለሽ። እሷ ትሪ አጠገብ እንዳትደርስ እጇን የምትይዥው አንቺ ነሽ።»