ሁለት ዙር በሱሉልታ

እውነቱን ለመናገር የእኔዋን መኪና ብሎ መጥራት ድፍረት ይጠይቃል። አባቴ ቡራዩ ባለው ጋራዡ ውስጥ ከውሃ ቧንቧ በየዳት፤ ከተገለበጠ ባጃጅ የወጣ ሞተር ከኋላዋ ገጠመላት፤ መሀሏ ላይ አንዲት ወንበር አሰረ። ጣራ የላት፣ በር የላት። ያን ዓመት በመኪና እሽቅድምድም ክበቡ የታዳጊዎች ምድብ የተመዘገብነው ስድስት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። ውድድሩ ሦስት ነው፦ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። በድምር ነጥብ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በሚቀጥለው ዓመት ከአዋቂዎቹ ጋር የክበቡን መኪና ይነዳሉ፤ የቀረው ወደ ቤቱ። እኔ ደግሞ በየካቲት አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላኛል። ሌላ ዓመት አልነበረኝም።

ሰበታ ላይ የኋላ ጎማዬ ወለቀ። ያን ቀን ከእኔ ቀድሞ የማለቂያውን መስመር ያለፈው ጎማዬ ነው። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ብስቅ ይሻለኝ ነበር፣ ግን አለቀስኩ። ቡራዩ ላይ፣ በገፈርሳ በኩል ባለው ሜዳ፣ አንደኛ ወጣሁ። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ወደ ሱሉልታ ስንሄድ ሦስተኛ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ለመሆን ቀይ መኪና ያለውን የሰበታ ልጅ መቅደም ብቻ ይበቃኝ ነበር።

እናቴ ሁለቱንም ውድድር አላየችም። «ሬሳሽን ለማየት ተሳፍሬ አልሄድም» ትል ነበር። ከቡራዩ በኋላ ግን ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት ሰነበተና ልቧ ራራ መሰለኝ፣ የሱሉልታው እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች «እኔም እመጣለሁ» አለች። ደስታዬን አልደብቅም፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

በእጇ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛለች። ፊቴን ረጨችኝ፤ አራቱንም ጎማ ረጨች። አባቴና እኔ የራስ መከላከያዬን ልናመጣ ወደ ቤት ገባን። ነዳጁን አባቴ ቀድሞ ሞልቶት ነበር። በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ስለማያምን ሁልጊዜ በእናቴ ነጭ ሻሽ ሁለቴ ያጠልለዋል፤ እሷም ሁልጊዜ ስለ ሻሿ ትነተርከዋለች።

ሱሉልታ ላይ የተወዳደርነው ሣሩ ታጭዶ በተነሳ የአንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር አማረልኝ፤ መታጠፊያው ላይ ቀዩን መኪና ቀደምኩት። በሁለተኛው ዙር ማሳው ያንገጫግጨኝ ጀመር። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ቀዩ መኪና አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። አስነሳሁ፣ እምቢ አለ። ተሳደብኩ፣ እምቢ አለ። የማሳው ባለቤት ከአጥሩ ዳር መጡና «አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ። ብረት ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አሉኝ። አባቴ ሮጦ ደርሶ «ገለቶማ፣ ኦቦ» ብሎ አመሰገናቸውና ከመኪናዋ ሥር ተኛ።

የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀዳ። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ውሃ፤ ለየብቻ ተኝተዋል። የአባቴ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። «ውሃ ቀላቅለው ሸጡልኝ! እነዚህ ሌቦች!» እያለ ሲጮህ እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች።

«ምን ዓይነት ሞተር ነው የገጠምክላት?» አለችው እያለከለከች። «ጠበሉን እንኳ አጠጥቻት ነበር። ስንቱ የአልጋ ቁራኛ ጠጥቶት ተነሥቷል፤ የአንተ ሞተር ግን እሱም አልሆነለት!»

አባቴ ጠርሙሱን አየ። እኔን አየ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያን ደቂቃ እናቴን ጠልቻታለሁ፣ ጮኼ ልነግራት ነበር። አባቴ ጠርሙሱን መሬቱ ላይ ደፋው።

«አሮጌ ሞተር ነው» አላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መኪናዬን በጫንባት ፒክአፕ ውስጥ እስከ ቡራዩ ድረስ ስትወቅሰው ተጓዘች። እሱ፣ በሙያው ማንም እንዲነካው የማይወድ ሰው፣ መሪውን ጨብጦ «እውነትሽን ነው» ይላታል። ባለ ቀዩ መኪና ልጅ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። የኔዋ ጋራዡ ጀርባ ቀረች፤ ዶሮ ይፈለፈልባታል። እኔም አሁን በየጠዋቱ ሰልፍ ተሰልፌ ታክሲ እጠብቃለሁ፤ ቦታ ሳገኝ ከሾፌሩ ጎን እቀመጥና እጁን እያየሁ እሄዳለሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ለማንም የውድድር መኪና ሠርቶ አያውቅም። ለምን ሲሉት «አልችልበትም» ይላል።

ባለፈው እሁድ እናቴ ጸጉሬን እየሠራችኝ ያን ቀን አነሣችው።

«አምላክ ያልፈቀደው ነው፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔ እንኳ የምችለውን አድርጌልሻለሁ።»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።