ቃሉን ያጠፈው ወንድም

አማቴ እኔን «አንተ» ነበር የሚሉኝ። አማርኛን የተማሩት ዲላ ገበያ ከቡና ነጋዴዎች ጋር ሲከራከሩ ስለሆነ ወንድና ሴት መለየቱ ብዙም አያስጨንቃቸውም። «አንተ ልጅ፣ ብላ እንጂ» ሲሉኝ ሳቄን ውጬ እበላለሁ። እኔ ግን እሳቸውን በስማቸው መጥራት አልችልም ነበር። በዚያ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ በአፏ ቢመጣ ትለውጠዋለች። የባሌ እናት ይባስ ብለው ሕጉን ወደ አማርኛዬ አሻገሩት። የአማቴ ስም «ወተት» በሚጀምርበት ድምፅ ስለሚጀምር ወተትን «ነጩ» እያልኩ ከረምኩ። ዲላ ከተማ ውስጥ «አፍሽ አያርፍም» እየተባለች ላደገች ልጅ ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነው፤ እኛ ግን ያን ማን ነግሮን። ባሌ አስተማሪ ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት ለኮርስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለው የአባቱ ቤት አስቀመጠኝ። አገሩ ደጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሸለቆው ይነሣና በእንሰቱ መሐል እየተሳበ መጥቶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከብቶቹን የምንለያቸው በድምፃቸው ብቻ ነበር።

አማቴ ወንጌልን ከተቀበሉ ቆይተዋል። የመንደሩ ጸሎት ቤት እንኳ የተሠራው እሳቸው ከማሳቸው ቆርሰው በሰጡት ቦታ ላይ ነው። እጃቸው ለጋስ ነው፣ ሥራ አይፈሩም፣ ግን ደረቅ ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እኔ ያደግሁት በታቦት ደጃፍ ቢሆንም ጸሎታቸውን እወድላቸው ነበር። እግዚአብሔርን የሚያነጋግሩት ልክ አጥር ላይ ተደግፎ ጎረቤቱን እንደሚያወራ ሰው ነው። ጎረቤታቸውን ግን አያነጋግሩም። ጎረቤታቸው ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

ነገሩን ያወጉኝ የባሌ እናት ናቸው፣ እንሰት እየፋቅን። ሁለቱ ወንድማማቾች ያመኑት አብረው ነው። በአባታቸው መቃብር ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር፤ የድሮ ሰዎች ግንዱን ቅቤ ይቀቡት ነበር። አንድ እሑድ አማቴ ከጸሎት ሲመለሱ፣ ይህ ዛፍ ካልተቆረጠ ልቤ አያርፍም አሉ። ታላቅየው፣ ቅቤ መቀባቱን ትተናል፣ ዛፉ ምን አደረገን፣ ለአባታችን ጥላው ነው ብለው ለመኑ። አማቴ መጥረቢያቸውን አንሥተው ሄዱ። የሚያግዛቸው ሰው ስላላገኙ ብቻቸውን ጣሉት። ታላቅየው ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ ዛፉ ሲወድቅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስምህን አልጠራም፤ መሬትህንም አልረግጥም» ብለው ሄዱ። ከዝግባው ለጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ተሠራ። ታላቅየው ከዚያ ወዲህ ወደ ጸሎት አልመጡም። ሁለቱን ማሳ የሚለየው አንዲት ጅረት ናት፤ በዚያች ጅረት ወዲህና ወዲያ ዓመታት አለፉ።

ድምፁን የሰማሁት ሐምሌ ውስጥ ነው። አማቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይገምዳሉ፤ ውሻቸው ከእግራቸው ሥር ተኝቷል። ጉሙ ቤቱን ከቦታል። ከጅረቱ በኩል አንድ ሰው የአማቴን ስም ጠራ፤ መጨረሻውን ስቦ፣ ሩቅ ያለ ሰው እንደሚጠራው። ውሻው ብድግ ብሎ ጭራውን ቆላ። እኔም፣ አባባ እየተጠሩ ነው ልል አፌን ስከፍት የባሌ እናት እንሰት የነካ እጃቸውን ከንፈሬ ላይ ጫኑብኝ። አማቴ ቀና አላሉም። ጥቂት ቆይተው መዝሙር ጀመሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጣታቸው ግን ቃጫውን መግመዱን አቁሞ ነበር።

በማግስቱም መጣ። ከዚያም በኋላ ጉም ባለ ቀን ሁሉ፣ ብርሃን ሊደክም ሲል። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴ ግን ንዴቴ በለጠና አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። አማቴም ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሆነው፣ «ወንድሜ ስሜን አልጠራም ብሏል። ወንድሜ ያለውን አያጥፍም። እንግዲህ ይሄ ወንድሜ አይደለም» አሉኝ።

ታዲያ ማነው አልኩ።

«የወንድሜን ድምፅ የለበሰ ነው» አሉ።

አኳኋናቸው ስለ ዝናብ የሚያወሩ ያስመስል ነበር። ሰው እኮ ይጸጸታል፣ ሰው ይመለሳል ብዬ ተከራከርኩ። «አንተ ወንድሜን አታውቅም» ብለው ዘጉት። እኔ የገባኝ ግን እሳቸው ወንድማቸውን የሚለኩት በራሳቸው ልክ መሆኑን ነው። እሳቸው በወንድማቸው ቦታ ቢሆኑ ኖሮ እስከ መቃብር አይጠሩም ነበር፤ ስለዚህ የሚጠራው ሰው ሊሆን አይችልም።

በነጋታው ጧት ውሃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ከወዲያኛው ዳር አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የቆመበት ሣር ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። አጠገቡ መሬቱ በከዘራ ጫፍ ተበሳስቷል። ከወዲህኛው ዳር አንድም ኮቴ የለም። ሮጬ መጥቼ፣ አባባ፣ ሰይጣን በከዘራ ይሄዳል እንዴ አልኳቸው። ሰይጣን ምን ያቅተዋል ብለው ወደ ቡና ማሳቸው ገቡ።

ይህን ጊዜ ለሰባኪው ነገርኩት። ሰባኪው ከባሌ ጋር የተማረ ወጣት ነው። በቀጥታ ሊመክራቸው ቢሞክር፣ እኔ አልማልኩም፣ የቋጠረው ሰው ይፍታው አሉት። እሑድ ዕለት የፈርዖንን ልብ መደንደን ሰበከ። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ትዝ ቢለው መባውን ትቶ ይመለስ ብሎም ጨመረ። ጉባኤው በሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አማቴ ከዝግባው በተሠራው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከሁሉም አስበልጠው «አሜን» አሉ። ሲወጣ ሰባኪው ትከሻውን ነቀነቀና፣ ጽናት ሲጠሩት ይሰማል፣ የእሳቸው ግን ጆሮ የለውም አለኝ። እኔም የዲላ ሰዎች እንደሚሉት፣ ምከረው ምከረው እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው አልኩት። የተናገርኩት በንዴት ነው።

ነሐሴ ገባና ድምፁ ጠፋ። ጉሙ ይመጣል፣ ሰዓቱ ይደርሳል፣ የሚጠራ የለም። አማቴ አሸነፍን አላሉም። በዚያ ሰዓት ቃጫውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አንገታቸውን ወደ ጅረቱ ዘንበል አድርገው ይቀመጣሉ፤ ውሻውም እንደዚያው። እራት ሲቀርብ አልራበኝም ማለት አበዙ። የባሌ እናት ከጎኔ ሲያልፉ ክንዴን ይጨብጡኛል፤ ምን ሊሉኝ እንደ ፈለጉ አውቃለሁ፣ ግን ባላቸውን የሚደፍር አንደበት አልነበራቸውም።

ከዚያ አንድ ረቡዕ፣ ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ፣ ተመለሰ።

ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ የወንበሮቹን እግር ሸፍኗል። ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኗል። የአማቴ ስም ሲጠራ ሁላችንም ሰማን። ከጅረቱ በኩል አልነበረም። ከግድግዳው ጀርባ፣ ከአማቴ ማሳ ውስጥ፣ እዚያው አጠገባችን ነው። ውሻው እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ተኝቶ ነበር። ጭራውን አልቆላም፣ አልጮኸም። በሆዱ እየተሳበ ገብቶ ከአግዳሚው ሥር ተሸጎጠ። አማቴ መዝሙር አነሡ፣ ጉባኤውም ተቀበላቸው። ድምፁ እንደገና ጠራ። እነሱም ጮክ አሉ። እንደዚያ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም፤ የሚዘምሩት እግዚአብሔር እንዲሰማቸው ሳይሆን እነሱ እንዳይሰሙ ነበር። 

ተነሥቼ ቆምኩና አማቴን በስማቸው ጠራኋቸው። ያለ «አባባ»፣ ያለ ማዕረግ፣ ስማቸውን ብቻ።

መዝሙሩ ተቆረጠ። የባሌ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አማቴም ፈጥነው፣ ሳያስቡት፣ «አቤት» አሉ።

ለምራት «አቤት» ያለ አማት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እሳቸው ራሳቸው የሰሙት ይመስለኛል። ውጭ ያለውም ዝም ብሏል። «እየተጠሩ ነው፣ ይሂዱ» አልኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ኮታቸውን ደረቡና ወጡ፤ የባሌ እናትና እኔም ተከተልናቸው።

በጸሎት ቤቱ ዙሪያ ማንም አልነበረም፤ እርጥቡ መሬት ላይም ዱካ የለም። ጅረቱን ተሻገርን። ወዲያኛው ዳር ላይ ጭቃ ሆኖ የነበረው ሣር ማቆጥቆጥ ጀምሯል። አማቴ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ቆሙ።

የታላቅየው ሚስት በሩን ከፍተው ሲያዩን፣ ማን ጠራችሁ አሉ። ባላቸው ካለፈው ገበያ በፊት ጀምሮ አልጋ ይዘዋል፤ ምላሳቸውም ከተሳሰረ ሰንብቷል። ከመተኛታቸው በፊት፣ ጉም ባለ ቀን ሁሉ፣ ሰው እንዳያያቸው ተከልለው ወደ ጅረቱ ይወርዱ ነበር አሉ። በስብሰው ሲመለሱ፣ መጣልህ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «አልሰማኝም።» እምቢ አለኝ ብለው አንድ ቀን እንኳ ተናግረው አያውቁም።

አማቴ አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። የወንድማቸውን ስም ጠሩ። በሽተኛው ዐይናቸውን ገለጡ። አማቴም በሰባራ አማርኛቸው ሳይሆን በገዛ ቋንቋቸው፣ እኔ እንኳ በሚገባኝ አጭር ቃል፣ «ሰምቼ ነበር» አሉ። «ወንድሜ፣ ሁልጊዜም ሰምቼ ነበር።» ደጋግመው ስማቸውን ይጠራሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ። የበሽተኛው ከንፈር ግጥም ብሎ ቀረ። መናገር አቅቷቸው ይሁን እምቢ ብለው፣ አጠገባቸው ቆሜም እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። እጃቸው ግን በጋቢው ላይ ቀስ እያለ መጥቶ የአማቴን ኮት ጫፍ ያዘ። እንደ ያዘም ነጋ፣ እንደ ያዘም አረፉ።

ስለዚያ ረቡዕ ድምፅ ሰባኪው መልአክ ነው ብሏል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሌላ ነገር ይላሉ። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ አሁንም ጉም ባለበት አገር ስሜ ከሩቅ ሲጠራ ልቤ ይደነግጣል።

አስከሬኑን ሲያጥቡ ሴቶቹ የሟቹን ጣት ከኮቱ ለማላቀቅ ሞከሩ፣ በቅቤ አሹት፣ አልለቅ አለ። አማቴ፣ ተዉት፣ ይዞት ይሂድ አሉና ኮታቸውን አውልቀው ሰጡ፤ ከወንድማቸው ጋር ተገነዘ። በቀብሩ ላይ ዶፍ ይወርድ ነበር። ሰባኪው የራሱን ኮት ሊያለብሳቸው ቢል እምቢ አሉ። ቤተሰቡን ወክለው እንዲናገሩ ሲጠየቁ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ወደ ፊት ወጡ።

«ወንድሜ ቃሉን አጠፈ» አሉ። ቃል ማጠፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሰው ተጉረመረመ። «ስሜን አልጠራም ብሎ ነበር፣ ጠራኝ። እኔ ነኝ እምቢታዬን ሳላጥፍ የቀረሁት።»

አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ቆዩ፤ ማንም ሰው ወደ ቤት እንግባ ሊላቸው አልደፈረም።